ከጆንያ ወደ ማልያ

ኅዳር በይርጋጨፌ የዕረፍት ወር አይደለም። ጎሕ ሳይቀድ እናቶች ከጓሮ ጓሮ ይጠራራሉ፤ ቅርጫት ይፈለጋል፤ ሕፃናት ከሞቀ መኝታቸው ይቀሰቀሳሉ። ቡናው ቀልቷል። የቀላ ቡና ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ በጊዜው ካልተለቀመ ይረግፋል፤ ተለቅሞ በቅርጫት ከሰነበተም ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ በዚህ ወር እጅ ያለው ሁሉ ለቃሚ ነው። ሽማግሌውም፣ ተማሪውም፣ እንግዳውም ከቡናው ሥር ይገኛል።

በዚሁ ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ አንዲት የ16 ዓመት ልጃገረድ ቅርጫቷን በክንዷ አንጠልጥላ ከእናቷ ጓሮ ወደ ታችኛው ተዳፋት ስትወርድ ትታያለች። በቅርጫቱ ውስጥ፣ በኮባ ቅጠል ከተጠቀለለው ቆጮ አጠገብ፣ አንድ ጥንድ አሮጌ ታኬታ አለ። ታኬታው የእርሷ ብቻ አይደለም፤ በትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ የሚገኙ አምስት ልጃገረዶች በየተራ የሚጫሙት የጋራ ንብረት ነው። ዛሬ ተራው የእርሷ ነው። እስከ ረፋዱ ትለቅማለች፤ ቀይ ቡናውን ለማጠቢያ ጣቢያው ታስረክባለች፤ ከዚያም ወደ ኳሷ ትሮጣለች። ስሟ ለጊዜው ይቆይ።

የጌዴኦን ምድር ያየ ሰው ሜዳ ምን ያህል ውድ ነገር እንደ ሆነ አይጠፋውም። በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ትከሻ ላይ የተንጠላጠለው ይህ አገር ተዳፋት የበዛበት፣ ሕዝቡም ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት ነው። ከላይ ትላልቅ የጥላ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ መካከል ቡና፣ ከዚያም በታች ጎመንና ሌላ ሌላው አዝመራ ተደራርቦ ይበቅላል። መሬት ባዶዋን አትውልም። አርሶ አደሩ ዛፉን ሳይፈጅ፣ አፈሩን ሳያስጠርግ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያቆየው ይህ ጥበብ ከጥንታውያኑ ትክል ድንጋዮች ጋር ታይቶ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

እንግዲህ ስንዝር መሬት በማይባክንበት በዚህ አገር ሰፊ ሜዳ ለኳስ መተው ቀላል ውሳኔ አይደለም። ያም ሆኖ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ለአንድ ነገር ቦታ መተው ያውቃል። ሽማግሌዎች የሚመክሩበት፣ ዳኝነት የሚሰጥበት፣ ምርቃት የሚወርድበት ሶንጎ አለ። ሶንጎው አይታረስም፤ ቡና አይተከልበትም። ለምክር ቦታ የተወ ኅብረተሰብ ለወጣቱ ጨዋታም ቦታ ቢተው ከራሱ ልማድ የራቀ አይሆንም።

የልጅቱ ትምህርት ቤት ሜዳ ታዲያ ሜዳ ከመባል ይልቅ የተስተካከለ ቁልቁለት ቢባል ይቀላል። የላይኛው ግብ ከታችኛው ግብ በአንድ ሰው ቁመት ይበልጣል። በመጀመሪያው አጋማሽ ቁልቁለቱ የደረሰው ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ዳገቱን ይከፍላል። ኳስ ከመስመር ከወጣች እንሰት ውስጥ ገብታ ትጠፋለች፤ ፍለጋው ከጨዋታው ይረዝማል። ነገር ግን ይህ ሜዳ ልጅቱን ሌላ ቦታ የማይገኝ ትምህርት አስተምሯታል። ወደ ታች ስታቀብል ኳሷን ታለሳልሳለች፤ ወደ ላይ ስታቀብል ታጠነክራለች። እግሯ ሳይነገረው መሬቱን ይመዝናል።

ኳስን የለመደችው ግን በደስታ ዘመን አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ሲፈናቀል፣ ትምህርት ቤቶችና የሕዝብ አዳራሾች መጠለያ ሆነው ነበር። ልጅቱ ያን ጊዜ የ8 ዓመት ሕፃን ነበረች። ትምህርት ተቋርጦ ግቢው በሸራና በጭስ ተሞልቶ ሳለ፣ ከተፈናቃዮቹ ልጆች አንዱ ከአሮጌ ካልሲና ከፌስታል ኳስ ጠቀለለ። ስሙን አታውቀውም፤ መልኩን ግን አልረሳችውም። በምሥር ወጥ ማብሰያው ድስትና በልብስ ማስጫው ገመድ መካከል በቀረችው ጠባብ ቦታ ሕፃናቱ ተጫወቱ። ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ቤቱ የቀረለትም፣ ከዚያች የጨርቅ ኳስ ኋላ እኩል ሮጠ። ልጅቱ ስለ ኳስ ስትጠየቅ የምታነሣው ይህንን ነው፤ ማንም ማንን «የየት ልጅ ነህ?» ብሎ ያልጠየቀበት ቦታ እርሱ ብቻ እንደ ነበር።

ይርጋጨፌ የሚለውን ስም ዓለም ከከተማይቱ ይልቅ በቡናው ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች የተራራ ከተማ፣ የአበባና የሎሚ መዓዛ ባለው እጥብ ቡናዋ አማካይነት ስሟ ከቶኪዮ እስከ ኒውዮርክ ይጠራል። ይህ ስም እንዲሁ በዋዛ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉት የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት በአሜሪካ አመለከተ፤ ብዙ ክርክርም ተነሣ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ የተባለው ታላቁ የቡና ኩባንያ ስሞቹን በሚመለከት ከኢትዮጵያ ጋር ተስማምቶ ፈረመ። ያን ጊዜ የተገኘው ትምህርት አንድ ነበር፤ ስም ሀብት ነው፤ ባለቤት ያስፈልገዋል።

ይሁን እንጂ ስሙ በጆንያው ላይ ሲታተም የለቃሚዋ ስም አብሮ አይታተምም። አንድ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ጆንያ 60 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይይዛል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ቀይ ቡና መለቀም አለበት። ስለዚህ በአንድ ጆንያ ውስጥ ከ300 ኪሎ የማያንስ፣ ፍሬ በፍሬ በጣት የተለቀመ ቡና አለ። ያ ሁሉ ጣት የማን እንደ ሆነ በባሕር ማዶ ስኒውን የሚያነሣው ሰው አያውቅም። ሊያውቅም አይችልም። ልጅቱ ይህንን በቁጭት አትናገረውም፤ ሆኖም በልቧ ይመላለሳል። አንድ ቀን በማጠቢያ ጣቢያው አጠገብ በአልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ስታገላብጥ ለጓደኛዋ፣ «ይህ ቡና እኛ ያላየነውን አገር ሁሉ ያያል» ብላታለች።

ከዕለታት አንድ ቀን የአገሪቱን ስም ከጆንያ በቀር በሌላ ነገር ላይ ተጽፎ አየችው። በአገር አቀፉ የሴቶች የእግር ኳስ ሊግ ከጌዴኦ ምድር የወጡ ቡድኖች ተሳትፈዋል፤ ጌዴኦ ዲላ አንዱ ነው፤ ይርጋጨፌ ቡና ሌላው። ከተጫዋቾች አንዷ ለበዓል ዘመዶቿን ልትጠይቅ ወደ ሰፈሩ መጥታ ሳለ ማልያዋን አጥባ ከአጥር ላይ አስጥታው ነበር። ልጅቱ ውኃ ቀድታ ስትመለስ አየችው። ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ ቆመች። «ይርጋጨፌ» የሚለው ቃል፣ ከእርሱም ጋር አንድ ቁጥር ነበረበት። ጽሑፉን በጣቷ ነካችው። በጆንያ ላይ የምታውቀው ስም እዚህ የሰው ገላ የሚለብሰው ሆኖ አገኘችው። የልጅቱ ምኞት መልክ የያዘው በዚያች ቅጽበት ነው። የአገሯ ስም በመርከብ ከመጫን አልፎ በሰው ጀርባ ላይ እንዲሮጥ፣ ያ ጀርባም የእርሷ እንዲሆን ፈለገች።

ይህ ምኞት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኢትዮጵያ በእግር ኳስ ታሪክ ያላትን ድርሻ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ይነግራሉ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አንሥቷል፤ የመንግሥቱ ወርቁ ግብ ዛሬም በአዛውንቶች አንደበት አለ። ይድነቃቸው ተሰማ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ይህ ሁሉ ግን የወንዶች ታሪክ ነው። የሴቶቹ ታሪክ የተጻፈው ዘግይቶ፣ ያውም በስስ ቀለም ነው። ሉሲ የተባለው የሴቶች ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ሻምፒዮና እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ አራተኛ ሆኖ ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2024 የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ በሞሮኮ በተካሄደው የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ ተሰልፏል።

ለልጅቱ ግን ከሁሉም የሚበልጥባት የሎዛ አበራ ነገር ነው። ሎዛ የዱራሜ ልጅ ናት፤ ዱራሜም እንደ ይርጋጨፌ የእንሰትና የቡና አገር ነው። ከሐዋሳና ከደደቢት ተነሥታ ወደ ስዊድን፣ ከዚያም ወደ ማልታ ተሻግራለች፤ በማልታ ለቢርኪርካራ ስትጫወት በአንድ የውድድር ዘመን 30 ግቦች አስቆጥራለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ዲሲ ፓወር ለተባለው የአሜሪካ ቡድን ፈርማለች። የሎዛ ታሪክ ለገጠር ልጃገረድ የሚነግራት ትልቁ ነገር የተጓዘችበት ርቀት አይደለም፤ የተነሣችበት ቦታ ነው።

ነገሩ ሁሉ ምኞት ሆኖ ቢቀር ምንም ችግር ባልነበረ። ችግሩ የመጣው ምኞቱ ቀን ሲቆረጥለት ነው። በዲላ ከተማ የታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ምልመላ ይደረጋል ተባለ፤ ቀኑም በኅዳር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ሆነ። ቡናው ደግሞ በዚያው ሳምንት እንደ ደም ቀልቶ ቅርንጫፉን አጎንብሷል። አባቷ ለቀን ሥራ ወደ ሐዋሳ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሲያገኝ ይልካል፤ ሲያጣ ዝም ይላል። ከእርሷ በታች ሦስት ልጆች አሉ። የዓመቱ ደብተር፣ ጨውና ጋዝ፣ የተበደሩትም ገንዘብ የሚከፈለው ከዚሁ ቡና ነው።

«እማዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ነው።»

«ልጄ፣ አንድ ቀን ለአንቺ ነው አንድ ቀን የሆነው። ለቡናው የዓመት ነው።»

እናቲቱ ክፉ ሰው አይደለችም። በልጅነቷ ከእኩዮቿ ጋር ገመድ ስትዘል መንደሩን ታስገርም እንደ ነበር ይወራላታል። ነገር ግን በእርሷ ዘመን የሴት ልጅ ጨዋታ የሚያበቃው ማድጋ መሸከም ስትችል ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪዋ ማክሰኞ ማታ ቤት ድረስ በመጣች ጊዜ፣ እናቲቱ ቡና አፍልታ፣ እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ ስለ ኳስ አንዲት ቃል አልተናገረችም። በሦስተኛው ላይ ግን በልቧ የነበረውን አወጣችው።

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። አንድ ነገር ይንገሩኝ። ይህች ልጅ ሄዳ ባይሳካላት፣ የምትመለስበት ልብ ይኖራታል? ቡና መልቀምን ትጠላብኛለች፤ ኳሱም አይቀበላት። ያን ጊዜ ምን ላድርጋት?»

መምህርቷ ወዲያው አልመለሰችም። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ብዙ ነው፤ አንዱንም አላነሣችውም።

«እናቴ፣ ይሳካላታል ብዬ ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም። ከብዙዎች ጥቂቶች ናቸው የሚመረጡት። ትምህርቷን ግን አታቋርጥም፤ ይህንን ቃል እገባለሁ። ባትመረጥም ሞክራ መመለስና ሳትሞክር መቅረት አንድ አይደለም። ቅዳሜን ብቻ ይስጧት።»

የእናቲቱ ጥያቄ ከአንድ ቤት አልፎ የአንድ ትውልድ ጥያቄ ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የምትገኘውን ሳሞአን ለአብነት መጥቀስ ይቻላል። ሕዝቧ ከ200 ሺህ ብዙም የማይበልጠው ይህች ደሴታዊት አገር፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ በሚሮጥበት ራግቢ በሚባለው ጨዋታ ብዙ ወጣቶችን ለዓለም አበርክታለች። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ቡድኖች ውስጥ ደሟ ከሳሞአ የሚመዘዝ ስንቱ ጎበዝ ይሰለፋል! በእነዚያ ደሴቶች ላይ አንድ ልጅ ኳስ ሲይዝ የቤተሰቡ ተስፋ ሁሉ አብሮ እጁ ላይ ይወድቃል። የተሳካለት ቤት ይሠራል፤ ዘመድ ይረዳል። ጉልበቱ የተሰበረበት ወይም ያልተመረጠው ግን ስሙን የሚጠራው የለም። ይህ የሳሞአ ብቻ ዕጣ አይደለም። ወጣትን እንደ ቡና ለቅሞ፣ አበጥሮ፣ ምርጡን ለውጭ ገበያ የሚልክና ግርዱን የሚጥል ስፖርት የትም ቢሆን ሰው አያፈራም።

ሰው እንደ ቡና በደረጃ ተለይቶ ሊጣል አይገባውምና፣ የልጃገረዷን ተስፋ ከእርሷ ጋር መሸከም ያለባቸው ሌሎች አሉ። አስተዳዳሪው አዲስ ትምህርት ቤት ሲተከል ሜዳውን ከክፍሉ እኩል ቢያስብ፣ ምልመላውንም ቡና በማይለቀምበት ወር ቢያደርገው፣ ለገጠሯ ልጅ ግማሽ መንገድ ሄደላት ማለት ነው። መምህሩ ተጫዋቿን ከደብተሯ ሳይለይ ቢያሠለጥናት፣ የእናቲቱ ፍርሃት ይቀልላል። ከያኒው ደግሞ ድል ያደረገውን ብቻ እየተከተለ ከማወደስ ይልቅ፣ ከምልመላ ባዶ እጇን የተመለሰችው ልጅ በማግሥቱ እንዴት እንደምትነሣ ቢያሳይ፣ ከብዙ ቤት የሚገባ ሥራ ይሠራል።

በዚያ ሳምንት የሆነው እንዲህ ነው። ሐሙስና ዓርብ ከትምህርት በኋላ አራት ልጃገረዶች ቅርጫት ይዘው ወደ እናቲቱ ጓሮ መጡ። ታኬታውን በየተራ የሚጫሙት አራቱ ናቸው። ማንም አልጠራቸውም። ደቦ የአገር ልማድ ቢሆንም በልጆች ሲጠራ ግን አልተለመደም። እስኪመሽ ለቀሙ፤ ዘፈኑም ሳቁም ነበረበት። ዓርብ ማታ ለቅዳሜ የሚደርሰው ቡና ከቅርንጫፉ ወርዶ አለቀ። ሲሄዱ አንዷ ታኬታውን አውጥታ፣ «የሚቀጥለው ሳምንት ተራም የአንቺ ነው፤ ተነጋግረናል» አለቻት። እናቲቱ ይህን ሁሉ ከደጃፏ ቆማ ሰማች። ቅዳሜ ሌሊት ልጇን ራሷ ቀሰቀሰቻት፤ ለመሳፈሪያ የሚሆነውንም ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠቻት።

የዲላው ሜዳ ጠፍጣፋ ነበር። ልጅቱ በሕይወቷ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ተጫውታ አታውቅም። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያቀበለቻቸው ኳሶች ሁሉ ወይ አጠሩ ወይ ረዘሙ፤ እግሯ የለመደውን ቁልቁለት ይፈልግ ነበር። ኋላ ግን ተስተካከለች፤ ሮጠች፤ አንድ ግብም አስቆጠረች። ከቀትር በኋላ የተመረጡት ስም ሲነበብ የእርሷ አልነበረበትም። ከአሠልጣኞቹ አንዱ ጠርቶ፣ «ጉልበትሽ ጥሩ ነው፤ ማየትም ታውቂበታለሽ። ግራ እግርሽ ግን ገና ነው። እርሱን ሠርተሽ በሚቀጥለው ዓመት ነዪ» አላት።

በመሸ ጊዜ ቤቷ ደረሰች። አላለቀሰችም ማለት ሐሰት ነው፤ በመንገድ ላይ አልቅሳ ጨርሳ ነበር። እናቲቱ ውጤቱን ከፊቷ አነበበችው። እግሯን የምታጥብበት ለብ ያለ ውኃ አቀረበችላት፤ እራት ሰጠቻት። ከዚያ በኋላ ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«ምን ጎደለ አሉሽ?»

«ግራ እግሬ።»

እናቲቱ ጥቂት አሰበች። «ግራ እግርማ አለሽ» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሰኞ ማለዳ ልጅቱ እንደ ወትሮው ቅርጫቷን አንጠልጥላ ወረደች። እናቲቱ የፈራችው አልደረሰም፤ ልጇ ቡናውን አልጠላችውም። ከሰዓት በኋላ ታኬታው የሌላ ተራ ስለ ሆነ በባዶ እግሯ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆማ በግራ እግሯ ብቻ ስትመታ ዋለች። ኳሷ ብዙ ጊዜ ወዳልፈለገችው አቅጣጫ ሄደች፤ ብዙ ጊዜም ከእንሰቱ ውስጥ ጠፍታ ተፈለገች። ከግድግዳው ማዶ ባለው መንገድ ጆንያ የጫኑ መኪናዎች ወደ ዲላ ያልፋሉ። የጆንያው ስም ይታወቃል። የእርሷን ስም ደግሞ፣ ቀኑ ሲደርስ፣ ራሷ በጀርባዋ ተሸክማ ታስነብበዋለች። እስከዚያ ድረስ ግራ እግሯን ትሠራለች።